ለስፌት የሚተው

ሁለቱ እህትማማች ልብስ ሰፊዎች የሚሠሩበት ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ ጠባቸውም በሙሉ በመስኮቱ ነበር። ታናሺቱ መስኮቱን የምትፈልገው አላፊ አግዳሚውን ለማማት ነው። ታላቂቱ ግን ያለ መስኮቱ ብርሃን የመርፌ ቀዳዳ አይታያትም። ይህን ለራሷም ቢሆን በሹክሹክታ ነው የምትነግረው።

ጎረቤታቸው ሰዓት ሠሪው ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሸው፣ ታላቂቱ በፊተኛው ቀን ያጠበበችለትን ሱሪ እንደለበሰ መጣ።

"ክፍሉን አንቺ ቁረጪ፣ እሷ ትምረጥ" አለ ታላቂቱን። "ቆራጭ የትኛው እንደሚደርሳት ስለማታውቅ እኩል ትቆርጣለች። መራጭ ራሷ መርጣ አትቀናም። አለቀ።"

ታላቂቱ ጠመኔዋን አንስታ ወለሉን አሰመረች። ብልጥ ናትና፣ በመስኮቱ በኩል ጠባቡን ወገን አስቀርታ ጨለማውን ወገን አሰፋችው፤ ትልቁን መስታወትና ካውያውንም ወደዚያው ገፋች። እህቷ መስታወት ካየች ሌላ እንደማይታያት ታውቃለች።

ታናሺቱ መስታወቱን አየች፣ እህቷን አየች።

"እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ደግ የሆንሽው?" ብላ መስኮቱን መረጠች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት። አሁን ታላቂቱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ እንዴት አድርጋ ልትሰፋ ነው?

"ቆይ ቆይ፣ መስመሩ ለምን ሁለት ሆነ?" አለ ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ።

እውነትም ሁለት ነበር። የታላቂቱ እጅ በልማዱ አንዱን ለመቁረጫ፣ አንዱን ለስፌት ትርፍ አስምሮ ኖሯል። መስኮቱም ከነብርሃኑ በሁለቱ መስመሮች መሃል ቀርቷል።

"ታዲያ ይሄ መሃሉ የማን ነው?"

"የሁለታችን ነዋ!" አሉ እህትማማቾቹ እኩል፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። "ትርፍ ካልተተወለት በምን ይገጠማል?"

"ለሰዓት ትርፍ አይተውም" አለ ተስፋ ቆርጦ፣ እጁን ኪሱ ሊከት እየሞከረ። እጁ አልገባ አለው። ታናሺቱ ኪሱን አየት አድርጋ ዓይኗን ወደ እህቷ መለሰች።

በማግስቱ ሁለቱም ወንበሮች መሃሉ ላይ ተጠጋግተው ነበር። ታናሺቱ አንገቷን ወደ መንገዱ አስግጋ እያማች፣ ክር የገባለት መርፌ ለእህቷ አቀበለቻት። ትንሽ ቆይታ ሌላ ጨመረችላት።

ታላቂቱ መርፌዎቹን ይዛ ቀረች። እንባዋ መጣ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ትናንት" አለች ታናሺቱ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። "የጎረቤታችንን ኪስ ከሱሪው ጋር ደርበሽ ሰፍተሽበታል።"