የአጫጆቹ ጌታ

ሞሪን እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ባሕር ዳርቻ ያለውን ያን ጎተራ ለሳምንት የተከራየችው ለአባቷ ብላ ነው። አሁንማ ጎተራነቱ በስም ቀርቷል። መስኮት ወጥቶለት፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ ለዕረፍት የመጣ ቤተሰብ ያድርበታል። አባቷ ፐርሲ ግን በወጣትነታቸው መከር በደረሰ ቁጥር ያጭዱና ይወቁ የነበረው እዚያ ነው።

አንዱን ታሪክ ሲናገሩት እየሰማች አድጋለች። አባቷ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳሉ አጫጆቹ «ጌታ» አድርገው መረጧቸው። ጌታ ስለ ደሞዝ ከባለርስቱ ጋር የሚከራከር፣ ከፊት ሆኖ የሚያጭድ፣ ማንም ቀድሞት የማያልፍ ሰው ነው። ያን ያህል ወጣት ጌታ ታይቶ ስለማያውቅ ጓደኞቻቸው የረጅሙን ማጭዳቸውን ምስል ጎተራው መሐል ባለው ምሰሶ ላይ ቀረጹላቸው።

ቅዳሜ ሲደርሱ ምሰሶው የለም። አባቷ መሐል ወለሉ ላይ ቆመው ወደ ላይ አዩ። ጣሪያውን የተሸከመው ብረት ነው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጥግ ተቀመጡ።

የእህቷ ባል ክላይቭ ግን አፉን መያዝ አልቻለም። «ጌታችን፣ ምሰሶው ከነማጭዱ ባሕር ገባ እንዴ?»

«ክላይቭ፣ ተው» አለች ሞሪን።

«ምን አልኩ? ዓሣ ማጭድ ይበላል ወይ ብዬ ነው።»

ልጇ ሄዘር ሳቀች። የሞሪንን አንጀት የቆረጠው ይሄ ሳቅ ነው። ደግሞስ ታሪኩ ከመጀመሪያውም እውነት ባይሆንስ? ይህን በማሰቧ ራሷን ጠላች። አባቷ ከዚያ በኋላ ስለ መከር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወደ ባሕሩ ሲሄዱም፣ ሁሌ ከፊት የሚሄዱት ሰው የሻዩን ፔርሙዝ ይዘው ከኋላ መከተል ጀመሩ። ምነው ባላመጣኋቸው አለች።

ማክሰኞ ዝናቡ አላስወጣ አላቸው። ትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ከባዱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ በቁርጥራጭ የሚገጣጠም ጨዋታ ይዘው የባሕር መብራት ማማ ሥዕል ሲገጣጥሙ ዋሉ። መጨረሻ ላይ አንዲት ቁራጭ ጠፋች። ሄዘር ልትፈልጋት አግዳሚው ሥር ገባች።

«እማዬ፣ እዚህ ሥር ወፍ አለ። ምንቃሩ ረጅም ነው።»

«የሞተ ነው?»

«አይ፣ እንጨቱ ላይ የተቀረጸ።»

ክላይቭ ባትሪውን ይዞ በጀርባው ተንጋሎ ገባ። እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ።

«ወፍ አይደለም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ለስልሶ።

አባቷ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «ከሥሩ ጥንቸል አለች?»

ሞሪን ግራ ገባት። በታሪኩ ውስጥ ጥንቸል ሰምታ አታውቅም።

«አለች» አለ ክላይቭ። «ጆሮዋ ግን አንድ ነው።»

«ጓደኛዬ ዲክ ነው የቀረጻት። ሳቁ አላስጨርስ ብሎት ነው» አሉ አባቷ። «ሳይታጨድ የቀረችውን የመጨረሻዋን የሰብል ጥግ ሳጭድ ጥንቸሏ በእግሮቼ መሐል ሾልካ አመለጠች። እኔም በቂጤ ዘጭ።»

«ይሄንን እኮ ነግረውን አያውቁም፣ አባባ» አለች ሞሪን።

«ጌታ የወደቀበትን ያወራል እንዴ?»

ለካ ቤቱን ያደሱት ሰዎች ምሰሶውን ጠርበው፣ የተቀረጸውን ጎን ወደ ታች አድርገው፣ አግዳሚ ሠርተውበታል። ክላይቭ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ወጣ። «ስንት ቀን ተቀመጥንበት» አለ።

«አንተማ ሁለት ሰው የሚያክል ቦታ ይዘህ» አሉ አባቷ።

ክላይቭ ሳቀና እጁን ዘረጋላቸው። አባቷ ጥቂት አስጠብቀው ጨበጡት። ሄዘር ተመልሳ ከሥር ገብታ ጥንቸሏን በጣቷ ትዳስሳለች። የጠፋችውን ቁራጭ ማንም አላስታወሳት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ክላይቭ የነፋስ መከለያውን ሸራ ተሸክሞ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና ገለል አለ። አባቷ ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ አስተካከሉት፣ ቀድመው ወጡ። ፔርሙዙን ክላይቭ ያዘው።

በረግረጉ መሐል ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው። ሄዘር ልትሮጥ ስትል አጎቷ በኮቷ ቆብ ያዛት።

«ወዴት? ጌታ አይቀደምም።»

ሞሪን ፎጣዎቹን ታቅፋ ከሁሉም ኋላ ትከተል ነበር። አባቷ በዝግታ ይራመዳሉ፣ ቀኝ እጃቸው ማጭድ እንደያዘ ሁሉ ወዲህ ወዲያ ይላል። የባሕሩ ውኃ በየቀኑ እንደሚያደርገው፣ ሳይደርሱበት ከዳርቻው ወደ ኋላ ሊሸሽ ነው። ይሽሽ አለች በልቧ።