አባ ዝርዝር

ዳቦ ቤቱ ነገ ሊሸጥ ነው። ደላላው ገዢ አግኝቷል፤ የቀረው የእናትየው እሺታ ብቻ ነው። እሷ ግን እሺ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣ ብሏታል። ባሏ፣ ሰፈሩ ሁሉ አባ ዝርዝር የሚለው ሰውዬ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እያለ እንዴት ይውጣት! ድፍን ይዞ ዝርዝር ያጣ ሁሉ ወደሱ ዳቦ ቤት ሲሮጥ ነው የኖረው። በሽታው ድንገት ጥሎት ቀኝ እጁንና አንደበቱን ከወሰደበት ወዲህ ግን ዓይኑና ግራ እጁ ብቻ ቀሩ። ያ ዓይን ሰው ይለይ አይለይ፣ እግዜር ይወቀው።

"እማዬ፣ አባዬ እኮ የለም። ይሄ አካሉ ነው" ይላል ልጁ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሲያነሳ ሲያስቀምጠው ከርሞ ደክሞት ነው፣ ምስኪን።

"አለ!" ትላለች እናትየው። "ካለ ደግሞ ሳንቲም ያውቃል። የኔን ስም ቢረሳ እንኳ ሳንቲም አይረሳም።"

ዛሬ ጠረጴዛውን አስጠጋችለት። ከቦርሳዋ እጇ የገባውን ሽርፍራፊ ፊቱ ዘረገፈችና አንድ ሀምሳ ሳንቲም አቀበለችው። "እስቲ ይቺን ዘርዝርልኝ፣ የኔ ጌታ።"

አባ ዝርዝር ግራ እጁን አነሳ። ሽርፍራፊውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ ሃያ አምስቷን፣ አንዷን አስር፣ ሌላዋን አስር። ቆየ። ከዚያ ሀምሳዋን መልሶ ወደ ሚስቱ ገፋት።

"አየሽ?" አለ ልጁ ቀስ ብሎ። "የጠየቅሽው እንኳ አልገባውም።"

እንባዋን እየዋጠች ሳንቲሞቹን መልቀም ጀመረች። የዳቦ ሻጭ ሚስት አይደለች? ስትለቅም ትቆጥራለች። ሃያ አምስትና አስር፣ ሠላሳ አምስት። ሌላ አስር፣ አርባ አምስት። እጇ ቀጥ አለ።

"ወይ ጉዴ! አርባ አምስት ብቻ ነው እኮ የሰጠሁት! ታዲያ በምን ይዘርዝር? አምስት ጎደለኝ፣ የለኝም ነው ያለኝ!"

"አጋጣሚ ይሆናል" አለ ልጁ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልሆነም። ተነስቶ ኪሱን ገለበጠ። ስድስት አስሮችና ሁለት አምስቶች ደረደረና ሀምሳዋን ራሱ ሰጠው። "እሺ አባዬ። አምስት አስር ስጠኝና ይለቅ።"

ጣትየው ተንቀሳቀሰች። አስር። ሃያ። ሠላሳ። አርባ። የቀሩት ሁለት አስሮች እዚያው አጠገቧ ነበሩ፤ ዘልላቸው አለፈች። አንድ አምስት ሳበች፣ ሌላ አምስት ጨመረች። አባ ዝርዝር ሀምሳዋን ወደ ራሱ ወሰደና የቀሩትን ሁለት አስሮች በመዳፉ ሸፈናቸው።

"ሀምሳ!" ብላ ጮኸች እናትየው። "ልቅም ያለች ሀምሳ!"

ልጁ ግን ያንን መዳፍ አፍጥጦ አየ። በልጅነቱ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ አስሮቹን በጨረሰ ቁጥር ጆሮውን የሚቆነጥጥ አባት ነበረው። "ሁለት አስር ሳጥኑ ውስጥ ይቅር! ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ምን ልትሰጠው ነው? ስንቴ ልንገርህ፣ አንተ!" ሀምሳን ማንም ይዘረዝራል፤ ሁለት አስር አስቀርቶ የሚዘረዝር ግን ልጁ ከአንድ ሰው በቀር አያውቅም።

"አባዬ" አለ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ። "እኔ የለም ስል፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ነበርክ?"

አባ ዝርዝር በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ዝርዝርህን ያዝና ዞር በል፣ ሰው ቆሟል ማለቱ ነው። እናትየው እያለቀሰች ሳቀች።

ስልክ ጠራ። ደላላው ነው።

"ነገ አይሆንም" አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከአባቱ እጅ ሳይነቅል። "ባለቤቱን ለካ አልጠየቅነውም።"