ያረፈደ ቀሪ ነው

ዳይሬክተሩ ቀሪ ተማሪ በዛብኝ ብሎ መላ መታ፤ ደወል ሲደወል በሩ ይቆለፋል፣ ያረፈደም እንደ ቀሪ ይቆጠራል። አቤት መላ! አርፍደውም ቢሆን ገብተው ይማሩ የነበሩት ልጆች ከበር እየተመለሱ ቤታቸው መዋል ጀመሩ። ቀሪው ባሰበት። ሰውዬው ግን ቁልፍ ያነሰ መስሎት ሌላ ቁልፍ ጨመረበት።

የሚጢ እናት ይህን ጉድ የሰማችው ዘግይታ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነች። ተተኪዋ ካልመጣች ንቅንቅ ማለት የለም። እሷ ቤት ካልደረሰች ደግሞ ሚጢ ሕፃን ወንድሟን ለማን ጥላ ትሂድ? ልጅቷ በር እየተዘጋባት ስትመለስ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ያን ጠዋት ግን እናት ከሥራ ስትገባ ደብተሯን አቅፋ ስታለቅስ አገኘቻት።

"ምን ሆነሻል?"

"ዛሬም ከቀረሁ ስሜ ይሰረዛል። ፈተና አልቀመጥም። አሁን ደግሞ ተደውሏል እኮ፣ እማ!"

የእናት ደም ፈላ። የሥራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ሕፃኑን አዘለችና ሚጢን እየጎተተች ከነፈች።

ከበሩ ውጭ ሌሎች ያረፈዱ ልጆች አጥሩን ተደግፈው ተኮልኩለዋል። ዘበኛው ገና ሲያያት አቀረቀረ።

"እህቴ፣ ብከፍትልሽ ደስ ባለኝ። ግን ከሥራ ያባርሩኛል።"

"አንተን ማን ወቀሰህ፣ ወንድሜ! አስቆላፊውን ጥራልኝ!"

ዳይሬክተሩ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ። "ወይዘሮ፣ ሕግ ሕግ ነው። ያረፈደ ቀሪ ነው።"

"ቀሪማ ቤቱ ነው ያለው! ይቺ ፊትዎ የቆመችው ምንድን ነች፣ ጥላ?"

"በሰዓቱ ትምጣ።"

"እኔ እስክገባ ወንድሟን ትጠብቃለች። እርስዎ ይጠብቁልኛል?"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዳይሬክተሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። "ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ!"

"ማንም እንዳይነሳ!" አለች እናት። "ትምህርት ቤት ነው የመጣችሁት!" ብላም ከነሕፃኑ መሬት ላይ ዘርፈጥ አለች። ሚጢ በእፍረት ልትሞት ምንም አልቀራት። "እማ፣ በናትሽ ተነሺ" ብትላት ወይ ፍንክች!

ይሄኔ አጥሩ ጥግ ካለው ክፍል፣ በተከፈተው መስኮት፣ የሚጢ አስተማሪ ተማሪዎቿን በቁጥር ስትጠራ ተሰማ። እየጠራች የሚጢ ቁጥር ላይ ደረሰች።

"አሥራ ዘጠኝ!"

ሚጢ አንገቷን ደፋች።

"አሥራ ዘጠኝ የለችም?"

እናት ልጇን ቀና ብላ አየቻት። ሚጢ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ የአጥሩን ፍርግርግ በሁለት እጇ ጨበጠች።

"አለሁ!"

አስተማሪዋ ወደ መስኮቱ ብቅ አለች። ዳይሬክተሩ ጮኸ፦ "ውጭ ያለ አይቆጠርም! ቀሪ በያት!"

"አለሁ!" አለች ሚጢ እሱኑ እያየች። "ነገም አለሁ! ብትቆልፉም አለሁ!"

አስተማሪዋ ዳይሬክተሩን አየችው፤ ልጅቷን አየቻት።

"ስጠራት አቤት ብላለች፣ ጋሼ። ቀሪ ብዬ አልዋሽም።" ይህን ብላ መጥራቷን ቀጠለች። ከአጥሩ ሥር ሌሎቹ የክፍሏ ልጆችም ቁጥራቸው ሲደርስ እየተነሱ "አለሁ!" አሉ።

ዳይሬክተሩ ቁልፉን ጨብጦ ቀረ። አስተማሪዋ ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ድምጿንም ከፍ አደረገች። ሚጢ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች። እናቷም አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ እንቅልፍ እየጣላት፣ ሰውዬውን ታፈጥበት ጀመር።