የቅድስት ፔትካ ግራ ዐይን

«እማማ፣ ቀስ በይ። እየጎተትሽኝ እኮ ነው።»

ዶስታ አልሰማቻትም። የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጇን የካሊናን እጅ ጨብጣ፣ በፖም እርሻዎቹ መሃል ያለውን ዳገት ትቧጥጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ ሲጮኽ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ልጇ ቬርካ፣ የካሊና እናት ናት። ባታነሳው ይብሳል።

«የት ናችሁ?»

«ገበያ።»

«ገበያ እንዲህ ጭር ይላል እንዴ፣ እማዬ? በሰባት ሰዓት ነው የምንነሳው። ዛሬ ስኮፕዬ ከተማ ካልገባን የነገ ጠዋቱ ቀዶ ጥገና ያመልጠናል። ለልጅቷም የማይሆን ነገር እንዳትነግሪያት።»

«ምን እነግራታለሁ? ምንም አልነገርኳትም።»

እውነቷን ነው። ካሊና የምታውቀው ሐኪሙ «ያይሻል» መባሏን ብቻ ነው። ግራ ዐይኗ ወደ አፍንጫዋ ይሸሻል፤ ጡንቻውን ቆርጠው መልሰው ይሰፉታል። ዶስታ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። ቢያሳውሯትስ? በማደንዘዣው እንደተኛች ብትቀርስ? ለዚህ ነው ፖም የምትልጥበትን ትንሽ ቢላ በመሃረብ ጠቅልላ ከቤት የወጣችው። ድሮ የራሷ አያት እንዳደረገችው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ከተሳለችው ከቅድስት ፔትካ ዐይን ላይ ቁንጥር ልስን ትፍቃለች፤ በደጁ ምንጭ ውሃ በጥብጣ ልጅቷን ትቀባታለች። ከዚያ ሐኪሙ ነገ አይቶ «ድናለች፣ ይዛችኋት ሂዱ» ይላል።

የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ያዥ ናውም ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ዶስታ፣ ከፋሲካ ወዲህ ገና ዛሬ አየሁሽ። ምን ኃጢአት ሠርተሽ መጣሽ?»

«አንተ የሠራኸውን ላስተሰርይልህ ነው። ክፈትልን።»

«ሻማ ውጭ ነው፣ እዚያ አሸዋ ያለው ሳጥን ላይ። ውስጥ ከልክለዋል። ጭሱ ሥዕሉን አጠቆረው ይላሉ፤ የስምንት መቶ ዓመቱን ጭስ ሁሉ እኔ ያጨስኩት ይመስል።»

ውስጡ ይበርዳል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቅዱሳን ነው፤ ሰማያዊው ቀለም እዚህም እዚያም ተልጧል። ካሊና ዙሪያውን ቃኝታ አንገቷን ቀበረች።

«የእነዚህን ሰዎች ዐይን ማን አወጣው?»

«ትምህርት ቤት፣ ድሮ ይገዙን የነበሩት ቱርኮች ናቸው ብለውን ነበር» አለ ናውም። «እኔ ግን ቱርክን በሐሰት አልከስም። እዪ፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ዐይናቸው ደህና ነው። የተፋቀው የሴት እጅ እስከሚደርስበት ብቻ ነው። የኛው እናቶች ናቸው።»

«እናትህስ ለወንድምህ ወስዳለት አልነበር?» አለች ዶስታ፣ ድምፅዋን የዋዛ አድርጋ። «ዳነ አይደል?»

«ዳነ። በዚያው ሰሞን ቢቶላ ከተማ ሐኪም ዘንድም ወስደውት ነበር። እናቴ እስክትሞት ‹ፔትካ ናት ያዳነችው›፤ አባቴ ‹ሐኪሙ ነው›። በዚህ ስንት ምሳ ተበላሸብን መሰለሽ።» ሳቅ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። «በሉ ጸልዩ። ሌላ ሰው ቢሆን ዐይኔን አልነቅልም ነበር።»

ቅድስት ፔትካ ከመግቢያው በስተቀኝ ቆማለች። በቀኝ ዐይኗ ቦታ ነጭ ጉድጓድ አለ። ግራው እንዴት እንደተረፈ የሚያውቅ የለም፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ አሁን የተሳለ የሚመስል ዐይን ነው። ዶስታ መሃረቡን ፈታች። የቢላው ጫፍ ቀለሙን ነካ ሲያደርገው እንደ ጨው የደቀቀ ፍርፋሪ ወረደ።

«እማማ፣ ያማታል?»

ካሊና አጠገቧ ነበረች። ሥዕሉን ትታ ቢላውን ታያለች።

«ሥዕል አይታመምም።»

«እኔንስ? ነገ እንደዚህ ነው የሚያደርጉኝ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሌሊት ስታለቅሺ እሰማሻለሁ።»

የዶስታ ክንድ ወረደ። ዐይኑ ግን እዚያው ነው፣ ከእጇ ሁለት ስንዝር አይርቅም። ራሷን ታውቃለች፤ ልጅቷ ዘወር ያለች እንደሆነ ያ ክንድ ተመልሶ መነሳቱ አይቀርም።

«ናውም» ብላ ተጣራች። «ና ግባ።»

«ጨረሳችሁ?» ናውም በበሩ ብቅ አለ። ቢላውን አየ።

«አልጨረስንም። ለካሊና የምነግራት ነገር አለ። እስክጨርስ እዚሁ ግድግዳው ጋ ቁምልኝ፤ ወጥተህ እንዳትሄድ።»

ናውም መጥቶ በእሷና በሥዕሉ መሃል ቆመ። ዶስታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ልጅቷን ጉልበቷ ላይ አወጣቻት።

«ነገ ጠዋት» አለች፣ «መጀመሪያ ያስተኙሻል።»