ምን አስቸኮለው

መልእክቱ ስልኬ ውስጥ የገባው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሂዊ የላከችው ግን አራት ሰዓት ላይ ነበር። ኔትወርኩ ከጠዋት ጀምሮ ይመጣል፣ ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ዳሱ ሥር ቆሜ አነበብኩት።

«እማ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጠለቅን። ሠላሳ ሜትር! የዓሣው ቀለም፣ ስመጣ እነግርሻለሁ። የመጥለቅ አስተማሪያችን ግን አሁን ተቆጣን። ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላችሁ አውሮፕላን አትሳፈሩም ይላል። አንተነህ ፎርሙን ሳያነብ ፈርሞ ኖሯል። አታስቢ፣ የአባዬ ሙት ዓመት አያመልጠኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንበራለን።»

ልጄ ሂዊና ባሏ አንተነህ ከተጋቡ ገና ስድስት ወራቸው ነው። ከዛንዚባር ማዶ ወዳለች ትንሽ ደሴት የሄዱት ለዐሥር ቀን ነበር። ዐሥሩን ወደ ሰባት ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። «የአባትሽን ሰባተኛ ዓመት ባሕር ዳር ተኝተሽ ልታስቢው ነው?» አልኳት። ትኬት ቀየሩ። ለመጨረሻ ያቆዩትን ጥልቅ ውሃም ሻንጣ በሚዘጉበት ጠዋት ላይ አጣበቡት።

ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ጋዝ በፈሳሽ ውስጥ እንዴት እንደሚሟሟ ለማሳየት የለስላሳ ጠርሙስ ይዤ ክፍል እገባለሁ። ክዳኑ እንደታሸገ ፈሳሹ ጸጥ ያለ ነው። ሲከፈት ግፊቱ ይቀንስና የተደበቀው ሁሉ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ጠላቂም እንዲሁ ነው። ከታች በግፊት የተነፈሰው አየር ቀስ ብሎ ካልወጣለት፣ ሰማይ ላይ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ሊያሽመደምድ ይችላል። ሊገድልም ይችላል።

ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ።

«መምህርት፣ ስልኩን ተይውና ወንበሩን ቁጠሪ!» አለኝ ገዳሙ። ገዳሙ የሟች ባሌ የደምለው ታናሽ ወንድም ነው፤ ዳሱን ለማስጣል ከደምበጫ ትናንት መጥቷል። «ልጂቱስ? ወይስ ዓሣ ሆና ቀረች?»

«ትመጣለች» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።

«ትምጣ እንጂ። ወንድሜ ሌላ ማን አለው? ያችን ቀን እኮ ትንሽ ቢታገሥ፣ ይኸኔ እዚህ ቁጭ ብሎ እኔን ይሰድበኝ ነበር። ምን አስቸኮለው?»

በየዓመቱ ይህችን ይላል። በየዓመቱ እኔም ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዛሬ ግን ነጠላዬን አንሥቼ ወደ በር ሄድኩ።

«ወዴት ነው? መርጌታ ገብረ ሚካኤል እኮ ስለ ጸሎቱ ሊያነጋግሩሽ እየመጡ ነው!»

«ይቆዩኝ» አልኩና ባጃጅ አስቆምኩ።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሆቴል የመስመር ኢንተርኔት አለው። አስተናጋጇ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በዋትስአፕ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። በሦስተኛው አነሣችው።

«እማ! ወረፋ ላይ ነን፤ ሻንጣችንን ልናስረክብ ነው።»

«ከወረፋው ውጪ።»

«ጀመርሽ ደግሞ። አስተማሪው እኮ ሁሉን ነገር ያጋንናል። ሰማይ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው።»

«አንተነህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ትከሻዬን ቆረጠመኝ እያለ ያላዝናል እንጂ። ሻንጣ መሸከም አልለመደም፤ የሞላ ቤት ልጅ!»

ከጀርባዋ የአንተነህ ሳቅ ተሰማኝ። «እማዬ፣ እሷን አይስሟት! ውሃው ውስጥ እጄን አልለቅም ያለችው ማን ነበረች?»

እኔ አልሳቅኩም። ጠረጴዛውን ያዝኩት።

«ሂዊ፣ ስሚኝ። ትከሻውን ያመመው ሻንጣው አይደለም፤ ደሙ ውስጥ የገባ አረፋ ነው። አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ስለ መጥለቁ ንገሪያቸው።»

«እማ፣ ነገ እኮ ነው ሙት ዓመቱ! አጎቴ ገዳሙ ትናንት ደውሎ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አባትሽ ለቤቱ ሲል ገደል ገባ፣ አንቺ ከአሸዋ ላይ መነሣት አቃተሽ አለኝ። እንዴት አልመጣም?»

አንዲት ሴት ልጅ ይዛ በአጠገቤ አለፈች። አስተናጋጇ ውሃ አስቀመጠችልኝ። ለሰባት ዓመት ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልነገርኩትን፣ ሰው በሚበላበት አዳራሽ ውስጥ ተናገርኩት።

«አባትሽን ያስቸኮልኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩና ቀጠልኩ።

«አዲስ አበባ ስልጠና ላይ ነበር። ደክሞኛል፣ ነገ ጠዋት ልነሣ አለኝ። እኔ ግን የአስተርእዮ ማኅበር የእኛ ተራ ነው፣ ሰው ፊት ብቻዬን አታቁመኝ አልኩት። ሁለት ጊዜ ደውዬ። እሺ አለ። ዓባይ በረሃ ላይ ጉም ነበር፤ መኪናው መንገዱን ሳተ።» ትንፋሽ ወሰድኩ። «አንቺንም እንዲሁ ጠራሁሽ። አሁን አትምጪ እያልኩሽ ነው። አባትሽ የትም ሆነሽ ብትጸልዪ ይሰማሻል።»

«እማ...» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ መስመሩ ራሱ ተቆረጠ።

ደግሜ ደወልኩ። አይነሣም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ተኩል። ከበሩ ውጪ ባጃጅ በጮኸ ቁጥር ስልኩን አየዋለሁ። ወረፋው ደረሳቸው? አለቀሰችና ዝም ብላ ገባች? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ዓይኔን ወደ ግድግዳው ሰዓት ማንሣት አቃተኝ። አስተናጋጇ «እናቴ፣ ሌላ ነገር ላምጣ?» አለችኝ፤ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ዘጠኝ ከሩብ ላይ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ክሊኒክ ነን። ኦክስጅን አድርገውለታል። በጊዜ መጣችሁ አሉን፤ ሌሊቱን ያቆዩታል። ትከሻው እየተሻለው ነው። እማ፣ ለምን ብቻሽን ያዝሽው?»

መልስ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። «ደግ አደረጋችሁ» ብቻ ብዬ ላክሁ።

ቤት ስደርስ ወንበሩ ሁሉ ተደርድሯል። መርጌታ ጥላው ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ገዳሙ ገመዱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው ቆየሽ? ልጂቱስ?»

«አትመጣም። የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

«ምን? ለወንድሜ ሙት ዓመት? ሰው ምን ይለናል? እሱ ለዚህ ቤት ብሎ...»

«ገዳሙ» አልኩት። «ገመዱን አስቀምጥና ተቀመጥ።»

በየዓመቱ ለሚጠይቀው መልስ ነበረኝ። ሁለት ወንበር ሳብኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።