ድርብ ስፌት ያልደረሰበት ዋጋ

ልጅቱ ከሥራ ስትገባ የአባቷ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ አዲስ የሴት ቦርሳ ተቀምጦ አገኘች። የራሷ ቦርሳ ማንገቻው ከተበጠሰ ቆይቷል፤ አባቷም «ዛሬ ነገ» ሲላት ነው የከረመው። ደስ አላት። ቦርሳውን አንግታ መስተዋት ፊት ዞር ዞር አለች።

«አባዬ፣ ሳትነግረኝ?» አለችው።

አባቷ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ቦርሳውን አየ።

«ያምርብሻል እናቴ» አላት አፈር ብሎ። «ግን ላርደው ነበር ያመጣሁት።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ሳቋን ቶሎ ዋጠችው። ከማንገቻው ላይ የተንጠለጠለችውን የሱቅ ስም ያለባትን ካርድ አወቀቻት፤ እሷ በምትሠራበት መጋዘን፣ ምናልባትም በራሷ እጅ የታሰረች ናት። ቦርሳውን አውርዳ አቀበለችው።

አባቷ ቦርሳ ሰፊ ነው። የሚሠራው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ሲሆን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ሁለቱ ይኖሩባታል። የነካውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ስለሚሰፋ ሰፈርተኛው «ድርብ ስፌት» ይለዋል። «የእሱ ቦርሳ ባለቤቱን ሳይቀብር አይሞትም» እያሉም ይቀልዱበታል። ከአምና ወዲህ ግን ገዢው ሳሳ። ሰው ይገባል፣ ቦርሳውን ያገላብጣል፣ ያደንቃል፤ ከዚያ ስልኩን ያወጣና ከኢንተርኔት ገበያ ላይ ተመሳሳዩን ያሳየዋል። በዚያ ዋጋ ትሸጥልኛለህ ወይ ነው ጥያቄው። ያ ዋጋ ደግሞ ቆዳውን ገዝቶ ግብሩን ለሚከፍል ሰው የእጅ ዋጋ አያስቀርለትም።

እናም ያን ምሽት ወስፌውን አንስቶ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈታው። ቆዳውን፣ ገበሩን፣ ዚፑን፣ ዘለበቱን ጠረጴዛው ላይ እንደ ብልት በየተራ ዘረጋና የርካሽነቱን ተንኮል ፈለገ። ቆዳው ቆዳ ነው። ክሩም ክር ነው። ቢደምር ቢቀንስ፣ እዚያ ዋጋ ላይ መድረስ አቃተው። በመጨረሻ መዳፉን ገልብጦ አየ።

«ሌላ ነገር የለውም፤ እኔው ነኝ» አለ። «እነሱ አምስት ሲጨርሱ እኔ አንድ እየሰፋሁ ነው። እጄ አርጅቷል።»

ልጅቱ አጠገቡ ቆማለች። እጁ እንዳልሆነ ታውቃለች።

በመጋዘኑ ሥራዋ የድሮውን ካርድ ቆርጣ አዲስ የሱቅ ስም ያለበትን ማሰር ነው። ዕቃው ያው ነው፤ ስሙ ብቻ ይቀያየራል። ተቆጣጣሪያቸው ቀልደኛ ሰው ነውና፣ አዲስ ካርድ በመጣ ቁጥር «ዛሬም ስም ወጣላቸው» ይላል። ሻጩ ባሕር ማዶ ያለ፣ ይህን ከተማ በዓይኑ ያላየ ሰው መሆኑን የነገራት እሱ ነው። ወረቀት ላይ ግን ያገር ውስጥ ነጋዴ ነው፤ አድራሻው ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች፣ ማንም የማይገባባት ክፍል ናት። ዕቃው ጉምሩክ ሲያልፍ፣ ቀረጡ እንዲያንስ ዋጋው የጆንያ ዋጋ ይባላል። ያገር ሰው ነው ስለተባለ፣ የኢንተርኔቱ ገበያ ከሽያጩ ላይ ታክሱን ቀንሶ አያስቀርበትም፤ ራሱ ይከፍላል ተብሎ ይታመናል። እሱ ከገዢው የተቀበለውን ታክስ ኪሱ ይከታል። ግብር ሰብሳቢ በሩን ሲያንኳኳ ሱቁ ተዘግቶ በሌላ ስም ተከፍቷል።

ይህን ለአባቷ ብትነግረው እዚያ ሥራ ላይ አንድ ቀን እንደማያሳድራት ታውቃለች። ዳቦ ሳይገዛ ግብሩን የሚከፍል ሰው ነው። የሚኖሩባት ክፍል ኪራይ ደግሞ ከአምና ጀምሮ የሚከፈለው በእሷ ደመወዝ ነው። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ የአባቷ አሠራር ተለወጠ። ሳሳ ያለ ቆዳ መግዛት ጀመረ። ድርቡ ስፌት ነጠላ ሆነ። አንድ ቀን ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር የማስቲሽ ቆርቆሮ አየች፤ «ማስቲሽ ለደብተር ነው» ይል የነበረው አባቷ፣ የማንገቻውን ጫፍ በመስፋት ፈንታ ሲያጣብቅ አየችው። እንዳላየች ሆና ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ ደንበኛው የሆነች መምህርት መጣች። በቅርቡ ከእሱ የገዛችው ቦርሳ ማንገቻ መንገድ ላይ ተገንጥሎ ዕቃዋ ሁሉ ተበትኗል፤ መነጽሯም ተሰብሯል። አልተቆጣችም። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችና፣ ምናልባት እኔ አብዝቼበት ይሆናል አለች። የልጅቱ አባት አሁኑኑ ልሥራልሽ ቢላት፣ አትቸኩል፣ ሌላ ይዣለሁ ብላ ወጣች። ከሄደች በኋላ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ሳይሰፋ ዋለ።

ልጅቱ ይህን መቻል አቃታት። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና፣ ስለ ካርዶቹ፣ ስለ ባዶዋ ክፍል፣ ስለማይከፈለው ታክስ ሁሉንም ነገረችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ገና እንደገባሁ።»

«ያን ቦርሳ ስፈታው አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«እኔ እኮ እጄ ያረጀ መስሎኝ ነው» አለ።

ኪራዩን አስቤ ነው ልትለው ፈለገች። እሱ ግን የኪራዩን ነገር አልጠየቃትም።

«በማስቲሽ ሳጣብቅስ አይተሻል?»

«አይቻለሁ አባዬ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጅቱ እጁን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ወስፌውን ፈልጎ ያዘ።

በማግስቱ የመጋዘኑን ሥራ ለቀቀች። ግብር መሥሪያ ቤት ሄዳ የምታውቀውን ተናገረች፤ በትሕትና ሰምተው መዘገቡላት፣ ሱቁን ሊያዩ እስኪሄዱ ግን ሌላ ስም ወጥቶለት ነበር። አባቷ በማስቲሽ ያጣበቃቸውን ቦርሳዎች የገዙትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ ፈለገ፤ ያገኛቸውን ቦርሳዎች ሁሉ አምጥቶ በድርብ ስፌት መልሶ ሰፋቸው። ሲጨርስ የስፌት መኪናውን ሸጠ፤ ኪራዩን የሚከፍል ደመወዝ ስለሌለም የሚኖሩባትን ክፍል ለአከራያቸው አስረከቡ።