ሲሶ ለትንፋሽ

አይት ኢዝም ውስጥ አስራ ዘጠኝ ምድጃ ይጨሳል። የመስጊዱን ፈቂህ፣ አሰጋጁንና ሰባኪውን፣ የሚመግቡትም እነዚሁ ምድጃዎች ናቸው፤ ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ቀጣዩ፣ ከምንጩ በታች ካለው ቤት ጀምሮ ሽቅብ እስከ ቱዳ ደጃፍ። የቱዳ ቤት የመጨረሻው ነው። ከሱ ወዲያ ድንጋይና ዝግባ ብቻ ነው ያለው።

ተራ ያለው ሰው የመንደሩ ሰው ነው። ሠርግ ሲመከር ይጠራል፤ የመስኖ ውሃ ሲደለደል ስሙ ይነሣል። ቱዳ ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ፍየል፣ ሦስት ዶሮና ገብስ የምትዘራባት ቁራሽ መሬት እንጂ ሌላ የላትም፤ ተራዋ ግን አንድም ቀን ታጥፎ አያውቅም።

ፈቂሁ ሲ ሕማድ ከሰባት ዓመት በፊት ከደቡብ ሲመጣ ሻንጣው ከሱ ይከብድ ነበር። የአይት ኢዝም ሴቶች ክሳቱን እንደ ስድብ ቆጠሩት። በቅቤ የራሰ ኩስኩስ፣ ከደረቀ ፕለም ጋር የበሰለ የጠቦት ሥጋ፣ ማንኪያ የሚያቆም ጣፋጭ ሻይ ላኩለት። እሱም የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ነውና ስለ ምግብ ተናግሮ አያውቅም። ፈቂህ «በዛ» አይልም፣ «አነሰ» አይልም፤ የተላከለትን ሳይጨርስ መመለስ ደግሞ በላኪው ደጅ ላይ እንደ መትፋት ነው። ስለዚህ ጨረሰ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጨረሰ። አሁን አዛን ሊያደርግ ወደ ጣሪያው ሲወጣ ሦስት ጊዜ ያርፋል፤ የንጋቱ ጥሪም ገደል የወጣ ሰው ጥሪ መስሏል።

አንድ ጁምዓ ኹጥባው፣ የሶላቱ ስብከት፣ በድምፅ ማጉያው ሲወርድ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ቤታቸው ሆነው ኩስኩሳቸውን በእንፋሎት እያበሰሉ ያዳምጡ ነበር።

«የአደም ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ አልሞላም» አለ ፈቂሁ፣ የነቢዩን ቃል እየጠቀሰ። «ወገቡን የሚያቀናለት ጥቂት ጉርሻ ይበቃዋል። የግድ ከሆነ ግን ሲሶው ለምግቡ፣ ሲሶው ለመጠጡ፣ ሲሶው ለትንፋሹ ይሁን።» ከዚያ ልምምጥ በሚመስል ድምፅ «ለትንፋሹ!» ብሎ ደገመው።

ከሰዓት በኋላ ምንጩ ዳር ሌላ ወሬ አልነበረም። የመንደሩ ሹም የሙሐ ሚስት ያምና እንስራዋን አስቀምጣ ነገሩን እንደ ቅኔ ፈታችው።

«ሰባት ዓመት ስለ ምግብ ትንፍሽ ያላለ ሰው ዛሬ ስለ ሆድ ካወራ፣ ርቦታል ማለት ነው! የምታበሉኝ ሲሶ ነው፣ የቀረው ሆዴ አየር ነው ማለቱ ነው።»

«ወይ ውርደት!» አለች አንዷ።

«የፊተኛው ፈቂህ እንዴት እንደሄደ ረሳችሁት? ስለ ቸርነት ሰብኮ በሳምንቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ጎረቤት መንደር ነው አሁን፤ እዚያ ጉንጩ ቀልቷል አሉ!» አለች ያምና ቀጥላ።

ቱዳ ውሃዋን ትቀዳ ነበር። ባለፈው የገበያ ቀን እንቁላል ሸጣ ስትመለስ ሲ ሕማድን ጤና ጣቢያው በር ላይ አይታዋለች፤ ነርሷ ጣቱን እየወጋች ስትቆጣው ነበር። ማንም ስላልጠየቃት ለማንም አልተናገረችም።

«እሱ ያለው ሲሶ ነው» አለች አሁን። «ሲሶ ካለ ሲሶ ነው።»

«አንቺ ደግሞ!» ያምና ሳቀችና ጠጋ አለቻት። «ቱዳዬ፣ የማክሰኞ ተራሽን እኔ እሠራልሻለሁ። ከእንግዲህም አትቸገሪ።»

«ምን ሆኜ?»

«ምንም አልሆንሽም። ሥጋ የለሽም ብዬ ነው።»

«ሥጋ የለኝም። እጅ ግን አለኝ።»

«ይሄ ምላስሽ ቢቀቀል እኮ ለሁለት ቀን ይበቃው ነበር! ብቻ ሙሐም ተራሽን ሊያነሣልሽ እያሰበበት ነው። ፈቂሁ የሄደብን እንደሆነ በማን እናሳብብ?»

ቱዳ እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ያዘች። ልቧ ግን ምንጩ ዳር ቀርቷል። ተራዋን በደግነት የሚወስዱባት፣ ነገ ውሃዋንም በደግነት ይወስዱታል። ከዚያ ወዲያ አስራ ስምንት ምድጃና አንዲት ምስኪን መበለት ይባላል።

ቅዳሜ ለፈቂሁ የሄደው ትሪ ሁለት ሰው ተሸክሞት ሄደ። እሑድ ሙሉ የበግ ትከሻ ሄደ። ሰኞ በቅቤና በማር የታሸ ቂጣ ተቆልሎ ሄደ፤ የሰኞ ማታው አዛን ደግሞ አራት ጊዜ አረፈ።

ማክሰኞ ቱዳ ገብሷን ፈጨች፣ ነፋች፣ በፍየል ወተት ቀስ አድርጋ አማሰለች። ያዘነን ልብ ያሳርፋል፣ የታመመን ያበረታል እየተባለ ከነቢዩ ዘመን ጀምሮ የሚወሳ ገንፎ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ነጭ። ማር አልነበራትም። ከማሳዋ ጫፍ የለቀመችውን ቅጠል ቀቅላ የወይራ ዘይት ጠብ አደረገችበት። ከዚያ ባሏ የፈለፈለውን የእንጨት ትሪ አውርዳ ረጅም ጊዜ አየችው። በአንዱ በኩል ምግቡን አስቀመጠች፤ በሌላው በኩል የምንጭ ውሃ በትንሽ ገንቦ። ሦስተኛውን ሲሶ ወለወለችና እንዲሁ ተወችው።

የሰሌን ክዳኑን ከድና ስትወርድ ያምና መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ሳትጠይቅ ክዳኑን አነሣች።

«ይሄ ምንድነው? ግማሹ ባዶ!»

«ሲሶው ነው ባዶ።»

«ለፈቂህ ባዶ ትሪ?»

«ለትንፋሹ ነው» አለች ቱዳ፣ ክዳኑን መልሳ።

ያምና ጥርሷን ነክሳ ቁልቁል ሮጠች። ቱዳ መስጊዱ ግቢ ስትደርስ የያምና ጣጂን፣ በሸክላ ድስት የበሰለ ሥጋ፣ በሌላ መንገድ ቀድሟት ደርሷል፤ ክዳኑ ሥር ሙሉ ጠቦት የተኛ ይመስላል። ሙሐና አምስት ሽማግሌዎች ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ወጥተው ግድግዳ ጥግ ተቀምጠዋል። ያምና በሩ ላይ ትተነፍሳለች። ሲ ሕማድ ሁለቱን ትሪዎች እያፈራረቀ አየ።

«የዛሬው ተራ የማን ነው?» አለ።

«የቱዳ ነበር፣ ሲዲ፤ ብቻ...» ሙሐ ጉሮሮውን ጠረገ።

ፈቂሁ የቱዳን ክዳን ከፈተ። ገንፎውን አየ፣ ውሃውን አየ። ባዶው ቦታ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ይሄስ ምንድነው፣ እናቴ ቱዳ?»

«እርስዎ የተናገሩት ነው፣ ሲዲ። ሦስተኛው ሲሶ።»

ሲ ሕማድ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል። የተቆጣ መሰላቸው። ከዚያ ሆዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ትከሻው ተከተለ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«የሰማኝ ሰው አለ!» አለ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ በዚህ መንደር የሰማኝ አንድ ሰው አለ! ሰዎች፣ ስኳር አለብኝ። ነርሷ እንዲህ ከበላህ ለረመዳን ቆመህ ማሰገድህን እንጃ ብላኛለች።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩንም ነበር?» ያምና ከበሩ ጮኸች።

«በድምፅ ማጉያ ነገርኳችሁ እኮ!»

ሽማግሌዎቹ ፈነዱ። ሙሐ ሚስቱን ላለማየት ሰማዩን አየ።

ፈቂሁ ገንፎውን ጨረሰ፤ እየጣመው ከጨረሰ ስንት ዓመቱ ነው። የያምናንም ጣጂን አላሳፈረውም፤ መሃል አስቀምጦ «ቢስሚላህ በሉ፣ ለእኔ አንዲት ጉርሻ ተዉልኝ» አለ፤ ትሪው ባዶውን በክብር ተመለሰ። ሙሐ አጥንቱን እየጋጠ፣ ማንም ሳይጠይቀው «የቱዳ ተራ በቦታው ነው» አለ።

በማግስቱ ያምና ወንፊት ይዛ ዳገቱን ወጣች።

«ገብሱን እንዴት እንደምታደርጊው አሳዪኝ» አለች፣ ወደ ጎን እያየች። «ባዶውንማ እኔም አውቅበታለሁ።»

ማወቁንስ ሁሉም አወቀበት። የአይት ኢዝም ሴቶች በአንድ ነገር ዝም ብለው አይበላለጡም፤ አሁን ፉክክሩ በባዶው ሆነ። አንዷ ትሪዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ባዶ ተወች፤ ያምና ገንፎውን ጥግ ላይ በፍንጃል አስቀምጣ የቀረውን ሁሉ ለትንፋሹ ለቀቀችለት። አዛኑ ሳያርፍ መውጣት ጀመረ። ግን የፈቂሁ ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ፤ ባለፈው ጁምዓም ኹጥባው ስለ ቸርነት ነበር።

የቱዳ ተራ ዞሮ ሲደርስ ገብሷን አማሰለች፣ ቅጠሏን ቀቀለች፣ ውሃዋን ቀዳች። ክዳኑን ልትከድን ስትል ባዶውን ሲሶ አየችው። ወደ ዶሮዎቿ ሄዳ ተመለሰች፤ ሁለት እንቁላል ቀቅላ ልጣ እዚያ ላይ አስቀመጠች።

«ትንፋሹ ትንሽ ይጠጋጋ» አለችና ቁልቁለቱን ወረደች።